ከአያቴ ግድግዳ እስከ ምኒልክ ቤተ መንግሥት

መዝከረት ባትያ፦ አያቴ ሳሎን ውስጥ አንዲት የደበዘዘች ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተሰቅላለች። አባቷ ናቸው፤ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከጎናቸው አንድ ሕፃን የጋቢያቸውን ጫፍ ጨብጧል። «ጎንደር ወርደው ነው የተነሡት፤ ሌላ ፎቶ የላቸውም» ትላለች። ማን እንዳነሣቸው ብጠይቃት ሳቀች። «የፎቶ አንሺ ስም ማን ይይዛል ልጄ?»

ስማቸው ከተያዘላቸው ጥቂቶች አንዱ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን ናቸው። ከኦቶማን ግዛት ተነሥተው አዲስ አበባ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ታምራት አማኑኤልን ወደ አውሮፓ የወሰዱትም በዚያው ዓመት ነበር። ያኔ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም። በድሮስ እዚያው የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆኑ።

ሥራው እንደ ዛሬው ስልክ አልነበረም። ካሜራው ባለ ሦስት እግር ሣጥን ነው። አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ያያል፤ ምስሉ የሚቀረው በመስታወት ላይ ነው። የሚነሣው ሰው ከተነቃነቀ ፊቱ ይበላሻል። የድሮ ፎቶ ላይ ሰው ሁሉ ኮስተር ያለው አንድም ለዚህ ነው።

በድሮስ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲያርፉ ሙያው ከቤት አልወጣም። ልጃቸው ሃይጋዝ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ቶኒ የሚባለው ቶርኮም ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቤተ መንግሥቱን አገልግለዋል።

አርመኖችና ፎቶግራፍ እዚህ አገርም ይተዋወቃሉ። በኢየሩሳሌሙ የአርመን ገዳም ፎቶ ማንሣት መማር የተጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ለሙዚቃ የወሰዷቸው «አርባ ልጆች»ም ከዚያው ከኢየሩሳሌም የሄዱ አርመኖች ናቸው።

የነገሥታቱ ፎቶ ስማቸው ተጽፎ ተቀምጧል። የእኛስ? ብዙው መንደር ቀርቷል፤ የተረፈውም በየቤታችን ያለ ስም ተቀምጧል። እኛ ልጆቹ ፊቱን እናያለን እንጂ ማን እንደሆነ አናውቅም።

ፎቶዋን ከግድግዳው አወረድናትና «ሕፃኑስ ማነው?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየች። «ታናሽ ወንድሜ ነው። ሱዳን ቀረ። የእሱም ፎቶ ይቺው ናት።»

ሁለቱንም ስም ከጀርባው በእርሳስ ጻፍኩ። አባቶችና እናቶች፣ እባካችሁ እናንተም ልጆቻችሁን ጥሩና አጽፏቸው።