በማሽላ አገር ሊሲን ያጣች ዶሮ

ከወሎዋ ከሚሴ ወጣ ሲሉ የጨፋ ሸለቆ በቦርከና ወንዝ ግራና ቀኝ ይዘረጋል። በክረምት ማሽላ፣ ጤፍ፣ በቆሎና ማሾ ይሸፍኑታል፤ በጋ ሲገባ ረግረጉ ከአፋርና ከአጎራባች ወረዳዎች የሚመጣውን ከብትና ግመል ያስተናግዳል። እህልም ሣርም ውኃም ያለበት አገር ነው። በየግቢው እየጫረች የምታድረው የሀበሻ ዶሮ ግን እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው፤ ያውም አንዱ ከ40 ግራም ብዙም የማይበልጥ። «ምን ታድርግ፣ ዘሯ ነው» የሚለው መልስ የተለመደ ነው። ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። የቀረው ግማሽ ያለው በምትለቅመው ነገር ውስጥ ነው። የዶሮ አመጋገብ ጥናት የሚባለው የምርምር ዘርፍ ጨፋን የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የሸለቆው ዶሮ ያጣችው እህል ሳይሆን ከእህሉ ውስጥ የጎደለውን ነው።

ዘር የማሻሻሉ ሥራ በአገራችን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የያኔው የዓለማያ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድን የመሳሰሉ የፈረንጅ ዶሮዎችን ማስተዋወቅ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከግብፅ ፋዩሚ፣ ከደቡብ አፍሪካ ኮኮክ፣ ከአውሮፓ ቦቫንስና ሳሶ ገቡ። ቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆሮ የተባለውን የአገር ዶሮ በምርጫ ሲያሻሽል ቆይቷል። ለጨፋ ቅርብ በሆነችው ኮምቦልቻም የዶሮ ብዜት ማዕከል አለ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ደግሞ የ45 ቀን ጫጩትን በየቀበሌው የታወቀ ነገር አደረገው። ጫጩቷ ስትሰጥ ግን ቀለቧ አብሮ አይሰጥም። በዓመት 250 እና ከዚያ በላይ እንዲጥል ታስቦ የተዳቀለ ዘር ግቢ ውስጥ ተለቆ ፍርፋሪና ማሽላ ሲለቅም ከሀበሻዋ የሚበልጥበት ነገር ይጠባል፤ በአንዳንዱ ነገር እንዲያውም ያንሳታል፣ ጭልፊትን ሸሽቶ ማምለጡ ላይ ለምሳሌ።

የአመጋገብ ጥናት መነሻው ሆድ መሙላትና ሰውነትን መመገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ይህን ለዓለም ካስተማሩት ፍጥረታት አንዷም ዶሮ ነች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ክርስቲያን አይክማን የተባለ የሆላንድ ሐኪም ጃቫ ላይ የቤሪ ቤሪን በሽታ ሲመረምር፣ የላቦራቶሪው ዶሮዎች እግራቸው እየተብረከረከ መውደቅ ጀመሩ። ዶሮዎቹ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት የተረፈውን የተፈተገ ነጭ ሩዝ ይበሉ ነበር። አዲስ የመጣው ምግብ አብሳይ «የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም» ብሎ ሲከለክልና ያልተፈተገ ሩዝ ሲበሉ ዳኑ። ኋላ ቫይታሚን ቢ-1 የተባለው ነገር ያለው ፈትገው በሚጥሉት ሽፋን ላይ ሆኖ ተገኘ፤ አይክማንም በ1929 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። የደም መርጋትን የሚረዳው ቫይታሚን ኬም የተገኘው ኮፐንሃገን ውስጥ ሄንሪክ ዳም ቅባት በሌለው ቀለብ ካሳደጋቸው ጫጩቶች ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1944 ያወጣውና በ1994 ለዘጠነኛ ጊዜ የከለሰው የዶሮ ፍላጎት ሰንጠረዥ የዚህ ሁሉ ጥርቅም ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዶሮዎች በቡድን ተከፍለው በአንድ ነገር ብቻ የሚለያይ ቀለብ ይሰጣቸዋል፣ የተረፈው ይመዘናል፣ ክብደትና እንቁላል በየዕለቱ ይመዘገባል።

እስቲ ያንን ሰንጠረዥ ጨፋ ላይ እናውለው። በደንብ የምትጥል ዶሮ በቀን 100 ግራም ብትበላ 290 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ኃይል፣ 15 ግራም ፕሮቲን፣ ከፕሮቲኑም ውስጥ 0.69 ግራም ሊሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ማግኘት አለባት። መቶ ግራም ማሽላ ብቻ ብንሰጣት ኃይሉ ይተርፋታል። ፕሮቲኑ ግን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ሊሲኑ ደግሞ አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ሸማኔ ድር ሞልቶለት ማግ ቢያልቅበት ጨርቁ እዚያው ላይ እንደሚቆም፣ የዶሮዋም ሰውነት ሊሲን ባለቀበት ቦታ እንቁላል መሥራቱን ያቆማል፤ የተረፈው ኃይል የሆድ ስብ ይሆናል። ማሽላ መጨመር ስቡን ይጨምራል እንጂ እንቁላሉን አይጨምርም። ነገሩን የሚያብሰው ታኒን ነው። ግሪሳ ወፍ የማይደፍረው መራራው ቀይ ማሽላ ከወፍ የሚተርፈው ታኒን ስለበዛበት ነው፤ ያው ታኒን ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ሲገባ ፕሮቲኑን አስሮ እንዳይፈጭ ያደርጋል። ለአራሹ የጠቀመው ባሕርይ ለዶሮ አርቢው ጉዳት ነው።

መፍትሔው ከሸለቆው ርቆ አይደለም። ማሾ ከክብደቱ ሩቡ ገደማ ፕሮቲን ነው፤ በሊሲንም የታደለ ነው፣ ሜቲዮኒን በተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ግን ድሃ ነው። የሰሊጥ ፋጉሎ ተቃራኒው ነው፤ ሜቲዮኒን አለው፣ ሊሲን ያንሰዋል። 65 ግራም ነጭ ማሽላ፣ 25 ግራም ማሾና 10 ግራም የሰሊጥ ፋጉሎ ሲደመሩ ፕሮቲኑ 15 ግራም ይሞላል፣ ሊሲኑም ወደ 0.6 ይጠጋል። ይህ የወረቀት ስሌት ነው። ማሾ ጥሬውን ከተሰጠ የፕሮቲን መፈጨትን የሚያውክ ነገር ስላለበት መቀቀል ወይም መቆላት ይፈልጋል፤ የማገዶው ወጪም አብሮ መታሰብ አለበት። ጨፋ ላይ የማሽላ ዝርያ ሲፈትን የኖረው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እንዲህ ያለውን ድብልቅ በዶሮ ላይ ቢፈትነው ከቦታውም ከሰብሉም ጋር የሚስማማ ሥራ ይሆናል።

«ዶሮ እኮ ጭራ የጎደለውን ራሷ ትሞላለች» የሚል ይኖራል። ትልና ምስጥ፣ ቅጠልና የሣር ፍሬ ትለቅማለች፤ እውነት ነው። ታደለ ደሴና ብሪያን ኦግል በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ያደረጉት ጥናት ለዚህ ክርክር ዳኛ ሊሆን ይችላል። በተለያየ ወቅት ዶሮዎችን አርደው አንገት ሥር ያለውን የምግብ ማጠራቀሚያ ከረጢት ከፈቱና የተገኘውን ላቦራቶሪ አስገቡ። ጭራ የምታገኘው ለእንቁላል ምርት የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም፤ በበጋ ይበልጥ የሚጎድለው ፕሮቲን፣ በዝናብ ወቅት ደግሞ ኃይል ነበር። ከዚህ የምንማረው መጨመሪያው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት መሆን እንደሌለበት ነው። ረግረጉ ዳር ያለች ዶሮ ደግሞ ሌላ ዕድል አላት፤ ለምለሙ ሣር ነጭ ማሽላ የሌለውን የቫይታሚን ኤ ምንጭ ይሰጣታል፣ አስኳሉንም ገበያ እንደሚወደው ቢጫ ያደርገዋል።

ጨፋ ከደጋው የሚለይበት ሌላም ነገር አለ፤ ሙቀቱ። ከሚሴ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ነው። ዶሮ ላብ የላትም፤ ስትሞቅ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ስታለከልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ በብዛት ይወጣል፣ የእንቁላል ቅርፊት የሚሠራበት ካርቦኔትም ያንሳል። አንድ ቅርፊት ብቻ ሁለት ግራም ገደማ ካልሲየም ይፈልጋል፣ ማሽላ ውስጥ ደግሞ ካልሲየም የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ላይ ሙቀት የመብላት ፍላጎቷን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ለቆላ የሚዘጋጅ ቀለብ በትንሽ መጠን ብዙ ንጥረ ነገር የያዘ፣ በጠዋቱና በምሽቱ ቅዝቃዜ የሚሰጥ፣ ካልሲየሙም የተደቆሰ የኖራ ድንጋይ ወይም ተቀቅሎ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ሆኖ ለብቻው የሚቀርብ መሆን አለበት። ከቢሾፍቱ ቀዝቃዛ አየር የተቀዳ ቀመር እዚህ እንዳለ አይሠራም።

ጠንካራው ተቃውሞ ከሳይንሱ ራሱ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ግዛት ዩኒቨርሲቲ የነሃቨንስታይን ቡድን ከ1957 ጀምሮ ሳይመረጥ የቆየ የሥጋ ዶሮ ዘርንና የ2001ን ዘር፣ የሁለቱንም ዘመን ቀለብ እያፈራረቀ አወዳደረ። ከእድገቱ ለውጥ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው የዘር፣ ከ10 እስከ 15 በመቶው የቀለብ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ስለ ቀለብ ይህን ያህል ለምን እንጨነቅ? የ1957ቱ ቀለብ አርጅቷል እንጂ ጎዶሎ አልነበረም፤ ፕሮቲኑም ቫይታሚኑም ማዕድኑም በወጉ የተመጠነ ነበር። ሙከራው የመዘነው ጥሩ ቀለብን ከተሻለ ቀለብ ጋር ነው። ጨፋ ላይ ያለው ልዩነት ግን በጎዶሎና በሙሉ መካከል ነው፣ እዚያ ላይ የአሜሪካው መቶኛ አይሠራም። በአገራችን በጣቢያ የተደረገ ጥናት የሀበሻ ዶሮ በተሻለ አያያዝና ቀለብ በዓመት ወደ 100 እንቁላል እንደምትጠጋ አሳይቷል፤ ዘሩ ሳይለወጥ እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በላይ መውጣቱ የዘር ጉዳይ እንደሆነ እስማማለሁ። የመታቀፍ ጠባይዋ ብቻውን ለወራት እንቁላል ያስቆማታል፤ ይህን ቀለብ አይለውጠውም።

ሌላው ተቃውሞ የሥነ ምግባር ነው። ዝናብ በሚከዳበት አገር የሰውን እህል ለዶሮ መስጠት ተገቢ ነው ወይ? ሙሉ ቀለብ ገዝተው በሺህ ለሚያረቡ ጥያቄው ይጸናል። አምስትና ስድስት ዶሮ ላለው ቤተሰብ ግን የምለው ሌላ ነው። ማሾ ለውጭ ገበያ ሲበጠር የሚወጣው ስብርባሪ፣ የዘይት መጭመቂያ ፋጉሎ፣ የወፍጮ ቤት ፉርሽካ፣ እንዲሁም ኮምቦልቻ ካለው ቢራ ፋብሪካ የሚወጣው የገብስ ተረፈ ምርት ከሰው አፍ የማይነጠቁ ናቸው። (የቢራው ገብስ የሚለየው ጭማቂው ከመፍላቱ በፊት ስለሆነ አልኮል የለበትም፤ ሙስሊም በሚበዛበት ዞን ይህን መናገር ይገባል።) በሽታውስ? ፈንግል አንድ ሳምንት ውስጥ ግቢውን ባዶ ካደረገ የቀለቡ ወጪ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የሚያመርተው፣ ሙቀት የሚቋቋመው የፈንግል ክትባት ከመኖው ይቀድማል። ነገር ግን የተከተበ አካል መከላከያ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፣ የተራበች ጫጩት ክትባቷን በሙሉ አትጠቀምበትም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት መታየት አለበት። በወሎ ቆላ ማሽላ በጉድጓድ ይከማቻል፤ የጉድጓዱን አፍና ግድግዳ የነካው ፍሬ እርጥበት ስቦ ይሻግታል፣ ሰው የማይበላው ይህ ፍሬም ለዶሮ ይደፋል። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ የፈረንጅ ቱርክ ዶሮዎች ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲያልቁ፣ ጥፋቱ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ መርዙም አፍላቶክሲን ተባለ። በብዛት ሲሆን ይገድላል፣ በትንሹ ሲሆን ግን ጉበትን እየጎዳ እድገትን ያዘገያል፣ እንቁላልንም ይቀንሳል፤ የቤቱ ሰው ግን «ዘሯ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በከሚሴ ዙሪያ የሚጀመር የመኖ ሙከራ ፕሮቲን ከመለካቱ በፊት የማሽላውን እርጥበትና ሻጋታ መለካት፣ ከጉድጓዱ ግድግዳ የተነሣውንም ከመሃል ከወጣው ለይቶ ማስቀመጥ ይኖርበታል።