በራዲዮ የሚታዘዝ ትንሽ አውሮፕላን በሚበርበት ሜዳ ስለሚገባ ጥንቃቄ

ሰው ሳይሳፈርበት፥ በምድር ቆመው በራዲዮ የሚያዙት ትንሽ አውሮፕላን ለጨዋታ ቢሠራም ፕሮፔለሩ ጣት ይቆርጣል፤ በሰው ላይ ቢወድቅም እስከ መግደል ይደርሳል።

በ20ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ በአሜሪካ አገር ብዙዎች የሚያበሩት በ72 ሜጋኸርዝ ሞገድ ነበር። ስለዚህ በሜዳው ዳር ሰሌዳ ቆሞ ለየሞገዱ ቁጥር አንዳንድ መቆንጠጫ ይደረግለት ነበር። መቆንጠጫውን ያልያዘ ሰው መሣሪያውን አይከፍትም፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ሞገድ ቢከፍቱ በአየር ያለው አውሮፕላን የጌታውን ትእዛዝ መለየት ተስኖት ይወድቃልና።

ዛሬ ብዙዎች የሚይዙት የ2.4 ጊጋኸርዝ መሣሪያ እርስ በርሱ እንዳይደናገር ሆኖ ስለተሠራ ይህ ሥጋት ቀንሷል። ሆኖም በሰው ራስ ላይ አለማብረር፥ ተመልካችንም ከአብራሪዎቹ በስተኋላ ማቆም እንደ ጸና ነው።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ሞገድ በዓይን አይታይምና የባልንጀራን ንብረትና ነፍስ የሚጠብቀው ደንብን ማክበር መሆኑን ለልጆች አስረዱ።