«ርብራብ» ወይስ «መደገፊያ»? ስለ አንድ የኅብረ ሕዋስ ምህንድስና ቃል

አንድ የቴክኒክ ቃል ከመተርጐሙ በፊት የሚሰየመው ነገር ምን እንደሚሠራ መመርመር ይገባል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የተቈረጠ ነርቭን ለመጠገን የሚዘጋጀውና በእንግሊዝኛ «ስካፎልድ» የሚባለው ሰው ሠራሽ አካል ነው። ቃሉ ከግንባታ ሙያ የተወሰደ ሲሆን፣ የሚያገለግልበት የኅብረ ሕዋስ ምህንድስና በሰፊው የታወቀው ሮበርት ላንገርና ጆሴፍ ቫካንቲ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ዘርፉ ጠቅላላ ጽሑፍ ካወጡ ወዲህ ነው።

ከአንጐልና ከኅብለ ሰረሰር ውጭ ያሉት ነርቮች የሽቫን ሕዋሳት የተባሉ ደጋፊዎች አሏቸው። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1839 ስለ ሕዋስ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ላሳተመው ጀርመናዊ ለቴዎዶር ሽቫን መታሰቢያ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ከነርቭ ሕዋስ የሚወጣውን ረጅም ክር፣ ማለትም አክሶንን፣ ማየሊን በሚባል ቅባታማ ሽፋን ይጠቀልላሉ። ነርቭ ሲቈረጥ ደግሞ ተባዝተው በረድፍ በመሰለፍ እንደገና ለሚያድገው አክሶን መንገድ ይሆኑታል። አክሶን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ለመጓዝ 100 ቀን ገደማ ያስፈልገዋል። ክፍተቱ ሰፍቶ ሕዋሳቱ መሻገሪያ ካጡ ግን አክሶኑ አቅጣጫውን ይስታል።

ሰው ሠራሹ አካል የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ከኮላጅን፣ ከኪቶሳን ወይም ከፖሊካፕሮላክቶን ሊሠራ ይችላል፤ ሆኖም ከቁሱ ሌላ አወቃቀሩም ወሳኝ ነው። ክሮቹ በአንድ አቅጣጫ ትይዩ ሆነው ሲዘረጉ የሽቫን ሕዋሳት ክሮቹን ተከትለው ይረዝማሉ፤ በዚያው አቅጣጫም ይጓዛሉ። ክሮቹ እንደ ተበተነ ጭድ ሲዘበራረቁ ሕዋሳቱም በየአቅጣጫው ይበተናሉ። ቀዳዳዎቹ እጅግ ከጠበቡ ሕዋሳቱ ወደ ውስጥ አይዘልቁም፤ እጅግ ከሰፉ ደግሞ የሚጣበቁበት ገጽ ያንሳቸዋል። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ካልተገናኙም ብዛታቸው ብቻውን አይጠቅምም። እንዲሁም አካሉ ነርቩ ሳይጠገን ቢሟሟ መንገዱ ይቋረጣል፤ ሳይሟሟ ቢቈይ ነርቩን ሊጫነው ይችላል።

እንግዲህ ለዚህ ነገር ምን ስም ይስማማዋል? «መወጣጫ» የሚወጡበትንና የሚወርዱበትን ነገር ያሳስባል፤ ሕዋሳቱ ግን ውስጡ ገብተው ይኖሩበታል። «መደገፊያ» ሸክም መቀበልን እንጂ አቅጣጫ መምራትን አያመለክትም። ከዚህም በላይ «የመደገፊያው አወቃቀር በደጋፊ ሕዋሳት ዕድገት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ፣ ማን ማንን እንደሚደግፍ አንባቢውን ግራ ያጋባዋል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት «ርብራብ» ይሻላል። ረበረበ ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ፣ እንጨቶች በክፍተት ተደርድረው የሚሠሩትን ነገር ያሳያል፤ ክሩንም ቀዳዳውንም በአንድነት ይይዛል። ግንበኛው ሥራውን ሲጨርስ ርብራቡን ማንሣቱም የአገልግሎቱን ጊዜያዊነት ያስታውሳል። በመሆኑም «ትይዩ ርብራብ»፣ «ዝብርቅ ርብራብ»፣ «የርብራብ ቀዳዳ» እና «ሟሚ ርብራብ» የሚሉትን ሐረጎች ያለ ችግር ማርባት ይቻላል። ይሁን እንጂ ርብራብ ሲባል የተጠላለፈ እንጨት በኅሊና ስለሚመጣ፣ «ትይዩ» የሚለው ገላጭ በትርጉም ጊዜ ፈጽሞ ሊዘለል አይገባም። የሽቫን ሕዋሳትን ዕድገት አቅጣጫ የሚያስይዘው ባሕርይ የሚገለጸው በዚህ ቃል ነውና።