ደሙ የት ሄደ? የሴት የመራቢያ ዑደትና የሆርሞኖች ቁጥጥር

ከ150 ዓመታት በፊት አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩባት ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙም አትርቅም። ዛሬ በጋፋትም ሆነ በቀሩት የደቡብ ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች እንደሌላው የአገራችን ገጠር ሁሉ የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ በጤና ኬላ ይሰጣል። ይህም በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ፍሬ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በኢትዮጵያ ካገቡ 100 ሴቶች 41ዱ ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ ሲጠቀሙ፣ ከእነዚሁ መካከል 27ቱ የመረጡት መርፌውን ነበር።

ይሁን እንጂ መርፌው ከተጀመረ በኋላ የወር አበባ መዛባት፣ ውሎ አድሮም ጨርሶ መቅረት የተለመደ ነው። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «ደሙ የት ሄደ? ሆዴ ውስጥ ተጠራቅሞ ይሆን?» በዚህ ፍርሃት መርፌውን አቋርጠው ሳያስቡት የሚያረግዙ ሴቶች አሉ። ጥያቄው የሳይንስ ጥያቄ ነውና መልሱን ለማግኘት የወር አበባ ከየት እንደሚመጣ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

ትእዛዙ ከአንጎል ይነሣል

ዑደቱን የሚያንቀሳቅሰው ትእዛዝ የሚነሣው ከማኅፀን ሳይሆን ከአንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ጎናዶትሮፒን አስለቃቂ ሆርሞንን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ገደማ እያሳለፈ በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። ባለ እጅ ወናፉን በምት በምት እየነፋ እሳቱን እንደሚያቆየው ሁሉ፣ የዚህ ሆርሞን ኃይልም ያለው በምቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኧርነስት ክኖቢልና ባልደረቦቹ በሪሰስ ጦጣዎች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ ሆርሞኑ በየሰዓቱ ሲሰጥ ፒቱታሪ ዕጢ ሥራውን እንደሚያከናውን፣ ያለማቋረጥ ሲፈስ ግን እንደሚገታ አሳይተዋል።

ፒቱታሪ ዕጢ በበኩሉ ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ይልካል፤ እነርሱም ፎሊክል አነቃቂ ሆርሞንና ሉቲናይዚንግ ሆርሞን ናቸው። የመጀመሪያው በእንቁላል ዕጢ (ኦቫሪ) ውስጥ የሚገኙትን ፎሊክሎች፣ ማለትም እንቁላል የያዙትን ጥቃቅን ከረጢቶች ያሳድጋል። አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ለብስለት የሚበቃው አንዱ ብቻ ነው። በማደግ ላይ ያለው ፎሊክል ኢስትሮጅን ያመነጫል፤ ኢስትሮጅንም የማኅፀንን የውስጥ ሽፋን ያወፍራል።

የሚገታው ሆርሞን ሲያነሣሣ

የኢስትሮጅን መጠን አነስተኛ ሲሆን አንጎልንና ፒቱታሪን ይገታል፤ ይህ አሉታዊ ግብረ መልስ ይባላል። መጠኑ ከፍ ብሎ ለ2 ቀናት ያህል ሲቆይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሲገታ የነበረው ሆርሞን ማነሣሣት ይጀምራል። ሉቲናይዚንግ ሆርሞን በድንገት ይጎርፋል፤ ከዚያ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላም የበሰለው ፎሊክል ፈንድቶ እንቁላሉ ይወጣል። 28 ቀን በሚፈጅ ዑደት ይህ የሚሆነው በ14ኛው ቀን አካባቢ ነው። ይሁንና ከ21 እስከ 35 ቀን የሚፈጅ ዑደት ሁሉ እንደ ጤናማ ይቆጠራል።

የፈነዳው ፎሊክል ኮርፐስ ሉቲየም (ቢጫ አካል) ወደሚባል ጊዜያዊ ዕጢ ተለውጦ ፕሮጀስትሮን ያመነጫል። ፕሮጀስትሮን የማኅፀኑን ሽፋን ፅንስ ለመቀበል ያመቻቻል፤ ሌላ የሆርሞን ጎርፍ እንዳይነሣም ይከለክላል። ፅንስ ካለ ከራሱ ከፅንሱ በኩል የሚመጣ ሆርሞን ቢጫውን አካል ያቆየዋል፤ በሽንት የሚደረገው የእርግዝና ምርመራ የሚፈልገውም ይህንኑ ሆርሞን ነው። ፅንስ ከሌለ ግን ቢጫው አካል በ14 ቀን ገደማ ውስጥ ይከስማል። ፕሮጀስትሮንና ኢስትሮጅን ይወርዳሉ፤ ሽፋኑን የሚመግቡት የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፤ ሽፋኑም ተቀርፎ ከደም ጋር ይወጣል። የወር አበባ የምንለው ይህ ነው።

እንግዲህ የወር አበባ ሰውነት አጠራቅሞ የሚያስወግደው «መጥፎ ደም» አይደለም። በአንድ ዑደት የሚፈሰው ደምም በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ይህም የቡና ሲኒ ግማሽ ያህል ነው።

መርፌው ምን ያደርጋል?

በየ3 ወሩ የሚሰጠው መርፌ ፕሮጀስትሮንን የሚመስል 150 ሚሊ ግራም ሜድሮክሲፕሮጀስትሮን አሲቴት ይዟል። ቢጫው አካል በተፈጥሮ የሚያደርገውን ክልከላ መርፌው ለወራት ያራዝመዋል፤ የሉቲናይዚንግ ሆርሞን ጎርፍ አይነሣም፣ እንቁላልም አይወጣም። የማኅፀኑ ሽፋን ቀጭን ሆኖ ስለሚቆይ በየወሩ የሚቀረፍ ነገር አይኖርም። መርፌውን ለ1 ዓመት ከተጠቀሙ ሴቶች ግማሽ ያህሉ የወር አበባ የማያዩትም በዚህ ምክንያት ነው። ደሙ የትም አልሄደም፤ መጀመሪያውኑ ለመፍሰስ የተዘጋጀ ደም አልነበረም።

ለዚህ ማስረጃ የምትሆነን የምታጠባ እናት ናት። ጡት ሲጠባ የሃይፖታላመስ ምት ይዳከማል፤ ስለዚህ እናቲቱ ለወራት የወር አበባ ላታይ ትችላለች። ታዲያ በአራስ ቤት ሳለች «ደሙ የት ሄደ?» ብሎ የሚጨነቅላት የለም፤ የተለመደ ነውና።

ይህ ሲባል ግን ጥንቃቄ አያስፈልግም ማለት አይደለም። መርፌው ከተቋረጠ በኋላ እርግዝና ከሌሎች ዘዴዎች ይልቅ በአማካይ 4 ወር ያህል ሊዘገይ ስለሚችል፣ ቶሎ መውለድ የምትፈልግ ሴት ይህን አስቀድማ ማወቅ ይገባታል። መርፌው ከኤች አይ ቪ አይከላከልም። ብዙ ደም የሚፈሳት ሴትም ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። መርፌ ሳትወስድ የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ደግሞ እርግዝና፣ የምግብ እጥረት ወይም ሕመም ሊኖር ስለሚችል መመርመር ይኖርባታል።

ውድ አንባብያን፣ የሆርሞን ግብረ መልስ በፈተና ወረቀት ላይ የሚሳል ቀስት ብቻ አይደለም። ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤቱ የሚመለስ ተማሪ ይህን ለእናቱ፣ ለእህቱ ወይም ለጎረቤቱ በሚገባቸው ቋንቋ ቢያስረዳ፣ አንዲት ሴት የምትወስነው ከፍርሃት ተነሥታ ሳይሆን ከዕውቀት ተነሥታ ይሆናል።