የገንዘብና የፊስካል ፖሊሲ ፈተና፦ ከብሔራዊ ባንክ እስከ ደብረ ወርቅ ገበያ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን ደብረ ወርቅ ገበያ ጤፍ የሚሸጥ አርሶ አደርም ሆነ ዘይት የሚሸምት የከተማ ነዋሪ፣ የገንዘብ ፖሊሲ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሊመስለው ይችላል። የማዳበሪያው ዋጋ፣ የባንክ ብድሩና የሠራተኛው ደመወዝ ግን ከዚሁ ፖሊሲ ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

አንድ ሀገር የዋጋ ንረትን የሚገታባቸው ሁለት ዋና መሣሪያዎች አሉ። አንደኛው የገንዘብ ፖሊሲ ሲኾን በብሔራዊ ባንክ ይመራል፤ የሚዘዋወረውን ገንዘብና የብድር ወለድን ይመለከታል። ሁለተኛው የፊስካል ፖሊሲ ነው፤ የመንግሥትን ገቢና ወጪ ይመለከታል።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጣለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ደግሞ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔ ይፋ አደረገ። ዓላማው የዋጋ ንረትን ማርገብ ነው። ይኹን እንጂ ብድር ሲጠብ ሱቁን ለማስፋት ያሰበ ነጋዴም ይቸገራል።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማዳበሪያ በዶላር ስለሚገዛ ጫናው እስከ ማሳ ይደርሳል። መንግሥት ጫናውን ለማቃለል ይደጉማል፤ በ2017 ዓ.ም በ971 ቢሊዮን ብር በጀት ላይ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ከጸደቀባቸው ምክንያቶች አንዱም ድጎማ ነበር።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ድጎማው ቢቀነስ አርሶ አደሩ ይጎዳል፤ ግብር ቢጨመር ነጋዴውና ሸማቹ ይከብዳቸዋል፤ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ ቢበደር ደግሞ አዲስ ገንዘብ ወደ ገበያ ገብቶ ዋጋ ያንራል። በዚህም ምክንያት በ2017 ዓ.ም የወጣው የብሔራዊ ባንክ አዋጅ የመንግሥትን ቀጥታ ብድር ገድቧል።

አውሮፓም ከዚህ አላመለጠችም። እ.ኤ.አ በጥቅምት 2022 በዩሮ ተጠቃሚ ሀገራት የዋጋ ንረት 10 ነጥብ 6 በመቶ ደርሶ ነበር። ማዕከላዊ ባንካቸው ወለድ ሲጨምር፣ መንግሥታቱ ግን ለኃይል ድጎማ ብዙ ገንዘብ ያወጡ ነበር፤ አንዱ ሲያጠብቅ ሌላው ያላላል።

ወለድ ገንዘብን ያጠብባል እንጂ ጤፍ አያበቅልም። ስለዚህ ሁለቱ ፖሊሲዎች ተናብበው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በወቅቱ ደርሶ ምርት ካላደገ፣ የገበያው ዋጋ በዘላቂነት አይረጋጋም።