ስለ እራፊ ብርድ ልብስ ሥራና ስለ ድመት ወዳጅነት

በቋንቋችን «ድሪቶ» የሚለው ቃል በተነገረ ጊዜ በሰሚው ልብ የሚሣለው ሥዕል የድህነት ሥዕል ነው። ቁራጭ ጨርቅ በቁራጭ ጨርቅ ላይ እየተደረበ የተሰፋ፤ የመጀመሪያው ልብስ የትኛው እንደ ነበረ የማይለይ፤ የለበሰውም ሰው በሰው ፊት የሚያፍርበት ልብስ ማለት ነው። እንዲያውም እርስ በርሱ የማይገጣጠም ጽሑፍ ያጋጠመን እንደ ሆነ «ይህስ ድሪቶ ነው» ብለን እናቃልለዋለን። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ይህንኑ ድሪቶ ማዕርግ ስለ ሰጡት እጆች ነው። በሰሜን አሜሪካ በየቤታቸው ተቀምጠው እራፊ ጨርቅ እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ የሚሠሩ ብዙ ሴቶች አሉ፤ ወንዶችም አይታጡም። ከእነዚህም መካከል ሥራቸውን የሚሠሩት ከጭናቸው ወይም ከጠረጴዛቸው ጥግ የማትርቅ አንዲት ባልንጀራ ይዘው የሆነ ጥቂቶች አይደሉም፤ እርሷም ድመት ናት።

ነገሩ የሥራ ፈት ጨዋታ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ሲያገላብጡ የዋሉ እጆች፤ ይልቁንም ጡረታ ወጥተው የሚውሉበት ያጡ እጆች ምን ይሥሩ የሚለው ጥያቄ የሁላችንም ጥያቄ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብንመለከተው ጊዜያችን አይባክንም።

አስቀድመን ሥራው ምን እንደ ሆነ እንወቅ። «ክዊልት» እየተባለ የሚጠራው ይህ ብርድ ልብስ ሦስት ንብርብር አለው። የላይኛው ከልዩ ልዩ እራፊ የተገጣጠመውና ለዐይን የሚታየው ፊቱ ነው። መካከለኛው እንደ ባዘቶ ተዳምጦና ተነድፎ የተዘረጋ ጥጥ ነው። የታችኛው ገበሩ ሲሆን ብዙውን ጊዜ እንደ አቡጀዲ ያለ ወጥ ጨርቅ ይሆናል። የሚያሞቀንም ጨርቁ ወይም ጥጡ በራሱ ሙቀት ኖሮት አይደለም። በጥጡ ስስ ጭረቶች መካከል ታስሮ የሚቀር አየር አለ፤ የማይንቀሳቀስ አየርም ሙቀትን ቶሎ ስለማያሳልፍ የሰውነታችን ሙቀት ወደ ውጭ እንዳይሸሽ ይከለክላል። ይሁን እንጂ ጥጡ ካልተያዘ በታጠበና በተገለበጠ ቁጥር ወደ አንድ ጥግ እየሸሸ ይቋጠራል። ሦስቱን ንብርብር አልፎ የሚወጣውና የሚገባው ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ያስፈለገው ስለዚህ ነው። እንግዲህ በብርድ ልብሱ ላይ ስናየው ጌጥ የሚመስለን ስፌት አስቀድሞ የተፈለገው ለጌጥ ሳይሆን ጥጡን በየቦታው ለማሰር ነበር።

የአሠራሩ ደንብ እንዲህ ነው። ያረጀውን ልብስ አስቀድሞ ማጠብ ያስፈልጋል፤ የሚሸበሸበው አስቀድሞ ይሸበሸባል፤ ቀለሙን የሚለቀውም አስቀድሞ ይለቃል። ቀጥሎም ያላረጀው ክፍል ተመርጦ በካርቶን ልክ ይቈረጣል። ወፍራሙን ካኪ ከስሱ ሻሽ ጋር መግጠም አይገባም፤ ብርቱው ደካማውን ይቀድደዋልና። ቁራጮቹ ሲሰፉ ከዳራቸው ሩብ ኢንች፤ ማለት 6 ሚሊ ሜትር ያህል፤ ለመያዣ ይተዋል። በአንዱ ቁራጭ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት ከምንም አይቈጠርም፤ ዳሩ ግን 20 ቁራጭ በአንድ መስመር ሲገጣጠም ስሕተቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆንና ፊቱ ይጣመማል። ሒሳብ የሚይዙ ሰዎች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ፊቱ ተገጣጥሞ በካውያ ከተተኰሰ በኋላ ገበሩና ጥጡ ከሥሩ ይነጠፋሉ፤ ሦስቱም እንዳይንሸራተቱ በሰፋፊ ስፌት ይወሰወሳሉ። ከዚያም ዋናው ስፌት ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር ይሄዳል። ከዳር የተጀመረ እንደ ሆነ የተረፈው ጨርቅ መካከል ላይ ተሰብስቦ ያብጣል። በመጨረሻም ዳሩ በጠባብ ጨርቅ ይከፈፋል። አንዱን ብርድ ልብስ በእጅ ሰፍቶ ለመጨረስ ወራት ሊወስድ ይችላል።

ይህ ሥራ በድኾች ዘንድ እንዴት ያለ ቦታ እንደ ነበረው ለማስረዳት ሁለት ታሪክ እጠቅሳለሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ሃሪየት ፓወርስ የምትባል ሴት በ1837 በጆርጂያ ግዛት በባርነት ተወለደች። ነጻ ከወጣች በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በጨርቅ ቁራጭ ቀርጻ በብርድ ልብስ ላይ ሰፋችው። አንዲት የሥዕል መምህር አይታው ልግዛሽ ብትላት እንቢ አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ችግር ስለ ጸናባት 10 ዶላር ጠይቃ በ5 ዶላር ሸጠችው። ከሸጠችውም በኋላ ሥራዋን ለማየት ወደ ገዢዋ ቤት ትመላለስ ነበር። ያ ብርድ ልብስ ዛሬ በዋሺንግተን በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቤተ መዘክር ይገኛል። ከእጇ ሥራ እስከ ዛሬ መኖሩ የሚታወቀው ሁለት ብቻ ሲሆን ሁለተኛው በቦስተን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ነው። አምስት ዶላሩ ለምን እንደ ዋለ የሚያስታውስ የለም፤ ብርድ ልብሱ ግን አለ።

ሁለተኛው ታሪክ የአንድ መንደር ታሪክ ነው። በአላባማ ግዛት ወንዙ ዞሮ በሦስት ወገን የከበበው ጂስ ቤንድ የሚባል ስፍራ አለ። ጆሴፍ ጂ የሚባል ሰው በ1816 የጥጥ እርሻ አቋቋመበት፤ በ1845 ወደ ፔትዌይ ቤተ ሰብ ተላለፈ። ባርነት ከቀረ በኋላም ነጻ የወጡት ሰዎች በዚያው ጭሰኛ ሆነው ቀሩ፤ ብዙዎቹም እስከ ዛሬ ፔትዌይ በሚለው ስም ይጠራሉ። በ1932 አበዳሪያቸው የነበረው ነጋዴ ስለ ሞተ ወራሾቹ ለዕዳው መያዣ ብለው ከብቱን፤ የእርሻውን መሣሪያና እህሉን ጭነው ወሰዱባቸው። በዚያ ዘመን የእንጨቱ ቤት ግድግዳ ንፋስ ያስገባ ስለ ነበር ሴቶቹ ከአሮጌ የሥራ ልብስ፤ ከዱቄት ከረጢትና ከተገኘው ጨርቅ ሁሉ ብርድ ልብስ እየሰፉ ልጆቻቸውን ከብርድ አዳኑ። ከእነርሱም መካከል ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ሁሉ ሰብስባ፤ ከልጇ ጋር ቀድዳ፤ ብርድ ልብስ አድርጋ ሰፋችው። በእርሱም ተሸፍና ልታስታውሰው ፈለገች። የሱሪው ጉልበት የተበላበት፤ ኪሱ ተፈትቶ ከሥሩ ያልደበዘዘው ቀለም የታየበት ሁሉ በብርድ ልብሱ ላይ ይነበባል።

የዚያ አገር ሰዎች በ1960ዎቹ የመምረጥ መብታቸውን በጠየቁ ጊዜ ወደ ወረዳው ከተማ የሚያሻግራቸው ጀልባ በ1962 ቀረባቸው፤ እስከ 2006ም ድረስ አልተመለሰላቸውም። በ1966 ግን በዚያ አካባቢ ያሉ ሴቶች የስፌት የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ሥራቸውን መሸጥ ጀመሩ። በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር የብርድ ልብሶቻቸው ትርኢት ተከፈተ፤ ወደ ኒው ዮርክም ተሻገረ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሥራዎቻቸውን በቴምብር ላይ አተመ። እኛ ድሪቶ ብለን የምንንቀው ነገር በነጭ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ተመለከተው ማለት ነው።

በዚያ መንደር ፊቱን መገጣጠም የእያንዳንዷ ሴት የብቻ ሥራ ነበር፤ ሦስቱን ንብርብር አብሮ መስፋት ግን ጎረቤት ተሰብስቦ እየዘመረ የሚሠራው ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል። ዛሬ በከተማ የሚኖር ሰው ግን ሁለቱንም ሥራ ብቻውን መሥራቱ የተለመደ ነው። ልጆች አድገው ወጥተዋል፤ ጎረቤት በሩን ዘግቷል። የድመቷ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ድመት የሰው ባልንጀራ ከሆነች ብዙ ዘመን አልፏል። በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከተቀበረ ሰው አጠገብ የድመት ዐፅም መገኘቱ በ2004 ተገልጿል። የቤት ድመት የዘር ምንጭ በሰሜን አፍሪካና በቅርብ ምሥራቅ የሚኖረው የዱር ድመት ነው። ሰው እህል ባከማቸበት አይጥ መጣ፤ አይጥ በበዛበት ድመት መጣች። አይጥ ጨርቅንና ጥጥን ቆርጦ ጎጆ ስለሚሠራም ድመት ለሰፊ ሰው የጥንት ዘበኛ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ብርድ ልብሱ ገና በወለል ላይ ሲነጠፍ ድመቷ መጥታ መካከሉ ላይ የምትተኛውስ ለምንድር ነው? ምክንያቱ ያው ቀደም ብለን የጠቀስነው አየር ነው። የድመት የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሲሆን ያለ ድካም ሙቀቷን ጠብቃ የምትቀመጥበት አየር ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። እኛ ደኅና ነው በምንለው ክፍል ውስጥ እርሷ ይበርዳታል ማለት ነው። ስለዚህ የራሷን ሙቀት የሚመልስላትን ንብርብር ጨርቅ ፈልጋ ታገኛለች። በመዳፎቿ እያፈራረቀች ጨርቁን የምትረግጠው ደግሞ ግልገል ሳለች ወተት እንዲወርድላት የእናቷን ሆድ የረገጠችበት ልማድ ስለ ቀረባት ነው። በጉሮሮዋ የምታሰማው ዝግ ያለ ድምፅም በሰከንድ 25 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ሲሆን ብዙ ጊዜ የደስታ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የሕመም ምልክት ይሆናል። ይህን ድምፅ እየሰሙ መርፌ የሚያስገቡና የሚያወጡ እጆች አይቸኩሉም።

ነገር ግን ወዳጅነቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «የድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንደ ተባለ በወለል ላይ የሚጎተት ክር ለድመት ምን ጊዜም አደን ነው። የምላሷም ሻካራነት ወደ ጉሮሮዋ የዞሩ ጥቃቅን እሾኾች ያሉት በመሆኑ ወደ አፏ የገባውን ክር መትፋት ይቸግራታል፤ ትውጠዋለች። የተዋጠ ክር አንድ ጫፉ ከተያዘ አንጀቷን እንደ ከረጢት ገመድ ሰብስቦ ሊቈርጠው ይችላል፤ መርፌ ያለበት እንደ ሆነ ደግሞ ክፋቱ ይበልጣል። ስለዚህ የሥራው ሰዓት ሲያበቃ መርፌው ተቈጥሮ፤ ክሩና ቍርጥራጩ ተለቅሞ ክዳን ባለው ሣጥን መቀመጥ አለበት። ከአፏ ወይም ከበስተኋላዋ የወጣ ክር ብታዩ ከቶ አትሳቡት፤ አንጀቷን ትቈርጡታላችሁ። ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት እንመለስ። በእያንዳንዳችን ቤት ከቁም ሣጥን ሥር ሊሰጥ የማይችል፤ ሊለበስም የማይችል ልብስ አለ። የሞተ አባት ኮት ነው፤ ወይም ያደገ ልጅ የተማሪ ቤት ሸሚዝ ነው፤ ወይም ሠላሳ ዓመት የሠራንበት ካኪ ነው። ለለማኝ እንዳንሰጠው ልባችን አይፈቅድም፤ እንዳናየው ደግሞ ዐይናችን ያዝናል፤ ስለዚህ ብል እስኪበላው ድረስ ቈልፈንበት እንኖራለን። ሚዙሪ ፔትዌይ ግን ልብሱን ከመቈለፍ ይልቅ ቀድዳ ሰፋችው፤ ኀዘኗም በየሌሊቱ የሚያሞቃት ሆነ።

ብርድ ልብስ ሙሉ ለሙሉ ሥሩ አልላችሁም። ከአንድ ኮት ዘጠኝ እኩል ቁራጭ ቈርጣችሁ፤ በሦስት መስመር ገጥማችሁ፤ ለወንበር የሚሆን አንዲት ትንሽ መደገፊያ ብትሠሩ ለመጀመሪያው ይበቃል። ስፌታችሁ ቢጣመም ፈትታችሁ እንደ ገና ስፉት፤ የሚቈጣችሁ አለቃ የለም። ሥራችሁን ፈጽማችሁ ወንበሩ ላይ ባኖራችሁት ጊዜ ግን ከእናንተ በፊት የሚቀመጥበት ማን እንደ ሆነ አሁኑኑ እነግራችኋለሁ፤ ድመቷ ናት። ለእርሷም ቦታውን ልቀቁላት።