ጣልያን ላለች እህታችሁ «መልካም ልደት» ከማለታችሁ በፊት ሰዓቱን እዩ!

ደብረ ብርሃን ሆናችሁ፣ ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን፣ ሚላኖ ላለች እህታችሁ «እንኳን ተወለድሽልን» ብላችሁ ላካችሁ እንበል። እዚህ ቀኑ ገብቷል። እዚያ ግን ገና የዋዜማው ምሽት ነው! ጣልያን በበጋቸው በ1 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ በ2 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናት።

ታዲያ ምን አለበት? ጣልያኖች ልደትን አስቀድሞ መመኘት መጥፎ ገድ ያመጣል ይላሉ። ብታረፍዱ ይቅር ይላሉ፣ መቅደም ግን አይወዱም። እዚያው ተወልዳ ላደገች የአክስታችሁ ልጅ ይሄ ቀልድ ላይሆን ይችላል።

ከሰዓቱ የባሰው ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። መስከረም 10 ቀን 1992 የተወለደች ልጅ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1999 ነው ፓስፖርቷ ላይ የሚጻፈው፤ የ1991 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች። በ2018 ግን መስከረም 10 የዋለው ሴፕቴምበር 20 ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከላካችሁ በአንድ ቀን ቀደማችሁ ማለት ነው። ስለዚህ የምታከብረው የትኛውን እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቋት፣ መልእክቱንም በቃ ጠዋት ስትነሱ ላኩ።

ምን ብላችሁ? «ብዎን ኮምፕሌአኖ»። ኮምፕሌአኖ ቃል በቃል ዓመት መሙላት ነው፤ እኛም እኮ «ልጁ ዓመት ሞላው» እንላለን። ጓደኛ ለጓደኛ ሲሆን «ታንቲ አውጉሪ» ይበልጥ ይለመዳል፣ «ብዙ መልካም ምኞት» እንደማለት። ለትልቅ ሰው ደግሞ «ቼንቶ ዲ ክዌስቲ ጆርኒ» አለላችሁ፦ እንዲህ ያለውን ቀን መቶ ጊዜ ያድርስዎ። የእኛን አያቶች ምርቃት አይመስልም?

የድግሱን ቃላት ግን ማንም ሳያስተምራችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ፌሽታ የመጣው ከጣልያኑ «ፌስታ» ነው። ቶርታ፣ ከረሜላ፣ ቢራ፣ መሰነባበቻው ቻውም ከዚያው ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 የነበረውን ወረራ የሸዋ አርበኞች ጫካ ገብተው ታግለውታል። ጣልያን ሄደ፤ ቃላቱና የጣርማ በር ዋሻ ቀሩ።

አንድ ነገር፦ እዚያ አገር ካፌ ከተገባ ብዙ ጊዜ የሚጋብዘው ባለልደቱ ራሱ ነው። እህታችሁ «ግራዚዬ» ብላ ከመለሰችላችሁ «ፕሬጎ» በሏት፤ ምንም አይደል ማለት ነው።